ከኋላ የሚቀመጠው ሰው እግር



የዛሬው ንግግር ርእስ ሲነገር ጥቂቶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። ስለ ሞተር ሳይክል ጉልበት፣ ስለ ፍሬኑ ወይም ስለ ነዳጅ ቁጠባው ቢሆን ለአንድ ሰዓት የሚበቃ ወሬ አይጠፋም። ከሞተረኛው ጀርባ ለሚቀመጠው ሰው እግር ማሳረፊያ የምትሆን አንዲት ስንዝር የማትሞላ ብረት ግን ምን ታናግራለች? ታናግራለች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የብየዳ ተማሪዎች አላችሁ፤ ሞተረኞች አላችሁ፤ ከኋላ ተፈናጥጣችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ነገሩ ከማንም ይልቅ የሚመለከተው እነዚህን የመጨረሻዎቹን ነው፤ መርገጫው ሲሠራ ከሞተረኛውና ከበያጁ በቀር ሐሳቡን የተጠየቀ የለምና።

ሞተረኛው መሪውን ይዟል። ጉድጓዱን ቀድሞ ያየዋል። ፍሬኑን የሚይዘው ራሱ ስለሆነ ሰውነቱ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ መንገዱ ሲከፋም በእግሮቹ ተደግፎ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ተሳፋሪው ግን ፊት ለፊቱ የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ጉድጓድ መኖሩን የሚያውቀው ከገባበት በኋላ ነው። ለድንገተኛው ነገር ሁሉ ያለው መከታ የተቀመጠበት፣ የጨበጠውና የረገጠው ብቻ ነው። የረገጠው በትክክለኛው ቦታ ከሆነ ምቱን ጉልበቱና ጭኑ ይቀበሉታል፤ ካልሆነ ወገቡ ይቀበለዋል።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክልን እንቅስቃሴ ከገደበች ወዲህ የመዲናው ሰው ሞተርን የዕቃ አመላላሽ አድርጎ ማሰብ ለምዷል። በብዙ የክልል ከተሞቻችን ግን ባለ 100፣ ባለ 125 እና ባለ 150 ሲሲ ሞተር ዛሬም ሰው ያጓጉዛል። ወደ በያጅ ቤት የሚመጣው ጥያቄም ከዚያው ነው። አንዱ ሞተረኛ ጆንያ ለመጫን የኋላ መጫኛውን ስላስረዘመ ተሳፋሪው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ መርገጫው ግን ከፊት ቀርቷል። የሌላው ሞተር ወድቆ አንድ ወገን ተሰብሯል። ሌላው እናቱን ቤተ ክርስቲያን ያመላልሳል፤ እናቱ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያን ያህል አጥፈው መቀመጥ አይችሉም። አንዷ ደንበኛ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ወደ ጎን ነው የምትቀመጠው። የአንዱን ተሳፋሪ ባት ደግሞ ማርሚታው ጠብሶታል። አምስቱም «መርገጫ ሥራልኝ» ይላሉ፤ የሚፈልጉት ግን አምስት የተለያየ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው ያው ጥግ ላይ የወደቀ ቁራጭ ፌሮ ነው።

የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ መርገጫ የሚለካው በሚረግጠው ሰው ነው፤ በተገኘው ብረት አይደለም። ብረቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከልኬቱ እንነሣ። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ተሳፋሪውን ራሱን አስቀምጡት። «እንደኔ ቁመት ነው» አይበቃም። በሁለቱም ወገን ከእግሩ ሥር ጣውላ እየደራረባችሁ ጭኑ ከዳሌው ወደ ጉልበቱ ትንሽ ቁልቁል እስኪያዘነብል ድረስ ፈልጉ። ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ከወጣ ክብደቱ በሙሉ መቀመጫው አጥንት ላይ ያርፋል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥርም ሞተረኛው ላይ ይንሸራተታል። እግሩ በጣም ወደ ኋላ ከሄደ ፍሬን ሲያዝ የሚገፋበት ነገር ያጣል፤ በጣም ወደ ፊት ከመጣ የሞተረኛውን ተረከዝ ይመታል። ትክክለኛውን ቦታ ስታገኙ በኖራ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የእግር ማስነሻውን እስከ ታች ርገጡት። የሚያልፍበት መንገድ ላይ የቆመ መርገጫ በመጀመሪያው ቀን የሰው ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይመኛል፤ ዝቅ ማድረግ። ዝቅ ያለ መርገጫ ይመቻል፤ ለመውጣትም ይቀላል። ነገር ግን ሞተር ሲታጠፍ ይጋደማል። የመርገጫው ጫፍ ከሞተሩ መሃል መስመር 36 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ሁለት ሰው ተጭኖ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ መሬት የሚነካው ሞተሩ 40 ዲግሪ ገደማ ሲጋደም ነው። ያን ያህል የሚያጋድም ተሳፋሪ ጫኝ ካለ ችግሩ የመርገጫ አይደለም። ለምቾት ብለን 8 ሳንቲ ሜትር ብናወርደውና 4 ሳንቲ ሜትር ብናስረዝመው ግን ማዕዘኑ ወደ 29 ዲግሪ ይወርዳል። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ አሞርዛተሩ ሲጨመቅ፣ መንገዱም ወደ ጎን ያዘነበለ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለእናቱ የሚያሠራው ልጅ መርገጫውን 3 ሳንቲ ሜትር አውርዶ ወንበሩ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ቢጨምር ይሻለዋል። ጉልበታቸው በድምሩ 6 ሳንቲ ሜትር ቦታ ያገኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው የማሰሪያው ቦታ ነው። ሁለት ምርጫ አለ፦ ሻንሲው ወይም የኋላ ጎማውን የያዘው ሹካ። ሹካው ለእጅ ቅርብ ስለሆነ፣ ለመበየድም ስለሚመች በያጆች ይወዱታል። ፋብሪካዎችም አድርገውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ከጃፓን የወጣችው የሆንዳ ሱፐር ካብ ቤተሰብ ለብዙ ዘመን የተሳፋሪ መርገጫዋን ሹካው ላይ ይዛ ቆይታለች፤ እስከ 2017 ድረስም ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው «ታዲያ ምን ክፋት አለው?» ቢለኝ አልፈርድበትም። ክፋቱ ይህ ነው፦ ሹካው ከጎማው ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ወንበሩ ግን በአሞርዛተሩ ላይ ነው። ጎማው 8 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ፣ በሹካው እኩሌታ ላይ የታሰረ መርገጫ 4 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። መቀመጫው ባለበት ነው፤ እግሩ ብቻ ይገፋል። ለአጭር መንገድ አይታወቅም። ከሶዶ አርባ ምንጭ ለሚሄድ ሰው ግን ጉልበቱ ሲንበረከክና ሲቃና መዋሉ ነው። ሻንሲው ላይ ማሰር ሲቻል ሻንሲው ላይ ይታሰር።

ሲታሰርም በብሎን ነው። ሻንሲ ላይ በቀጥታ መበየድን እቃወማለሁ፤ ብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት በሙቀቱ ጠባዩ ይለወጣል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያው ጠርዝ ነው። መርገጫ ቢሰበር መርገጫ ይቀየራል፤ ሻንሲ ቢሰነጠቅ ምን ይቀየራል? ደግሞም በብዙ ሞተሮች ላይ ፋብሪካው የተወው ቀዳዳ አለ፤ የነባሩ መርገጫ ማሰሪያ ወይም የማርሚታው መስቀያ። የማርሚታውን መስቀያ የምትጠቀሙ ከሆነ ማርሚታው ድጋፉን እንዳያጣ ተመልከቱ። ነባሩን ፈትቶ የጣለ ሰው በሳምንቱ ማርሚታው እየተንኳኳ ይመለሳል።

አሁን ወደ ብረቱ ልግባ፤ ጊዜዬን በብዛት የማጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

መርገጫ ላይ ከባድ ሸክም የሚያርፈው ስንሄድ ብቻ ሳይሆን ስንወጣም ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ሲነሣ ክብደቱ በሙሉ እዚያች ብረት ጫፍ ላይ ነው። እግሩ ከታሰረበት ቦታ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢያርፍ፣ 70 በ15 ሲባዛ 1,050 ኪሎ ግራም ሳንቲ ሜትር የሚሆን የማጉበጥ ኃይል አለን። ይህን ቁጥር ያዙት። ተራው የግንባታና የወርክሾፕ ብረት ቅርጹን መለወጥ የሚጀምረው በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 2,500 ኪሎ ገደማ ሲያርፍበት ነው።

40 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ ብረት ውሰዱ። ጠፍጣፋውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ብታጋድሙት፣ የሚደርስበት ጫና ወደ 4,400 ይጠጋል፤ ይጎብጣል፣ ጥያቄ የለውም። ያንኑ ብረት፣ ያንኑ ዋጋ፣ ያንኑ ክብደት በጠርዙ አቁሙት፤ ጫናው ወደ 660 ይወርዳል። ከስድስት ጊዜ ተኩል በላይ ብልጫ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ! ተማሪዎች፣ ማስመሪያችሁን አውጡና በጠፍጣፋው፣ ከዚያም በጠርዙ ለማጉበጥ ሞክሩ፤ ሒሳቡን እጃችሁ ይነግራችኋል። ጉድጓድ ሲመታ ሸክሙ ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ የቆመው ብረት ይችላል። በየመንገዱ የማያቸው ክንዶች አብዛኞቹ ግን ጋደም ብለው የተበየዱ ናቸው። ምክንያቱም ጋደም ያለ ብረት ለመብሳት ይመቻል።

ፌሮስ? 12 ሚሊ ፌሮ በዚያው ስሌት 6,200 ገደማ ይደርስበታል። ፌሮ ከተራ ብረት የጠነከረ ቢሆንም ይህ ከሚችለው በላይ ነው። 16 ሚሊ ያለው 2,600 ገደማ ነው፤ ፌሮ ነውና ለመውጣት ይችላል፣ ለጉድጓድ ግን አያስተማምንም። ሌላም ጣጣ አለው። ፌሮ የተሠራው ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሮ እንዲሳብ ነው፤ ጥንካሬውን የሚያገኘውም በብዛት ከካርቦኑ ወይም በፋብሪካ ከተሰጠው ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው ወይ ያን ጥንካሬ ያጣል፣ ወይ እንደ ካርቦኑ መጠን ብየዳው አጠገብ ተሰባሪ ይሆናል። ለዚህ ነው የፌሮ መርገጫ ብዙ ጊዜ ሳይጎብጥ ድንገት የሚበጠሰው። የሚጎብጥ ብረት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የሚበጠስ አይሰጥም።

እኔ የምመርጠው ክብ ቱቦ ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር ውጫዊ ስፋት፣ 2.5 ሚሊ ሜትር የግድግዳ ውፍረት። ከ20 ሚሊ ድፍን ብረት ይበልጥ ይጠነክራል፤ ክብደቱ ግን ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ጥንካሬን የሚሰጠው ከመሃል የራቀው ብረት ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ሥራ ፈት ነው። ይህን ቱቦ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ወንበርና ከተጣለ መጫኛ መሃል ማግኘት ይቻላል፤ ውፍረቱን ግን በካሊፐር ለኩ፣ የወንበር ቱቦ ብዙ ጊዜ ከ1.5 ሚሊ አያልፍም።

የውሃ ቧንቧም የሚመርጡ አሉ። ውፍረቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ነጩ የዚንክ ልባስ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ በያጁን በዚያው ምሽት ያንቀጠቅጠዋል፣ ትኩሳት ያመጣበታል። ወተት መጠጣት ያድነዋል የሚባለው ልማድ ጭሱን ከሳንባ አያስወጣም። ልባሱን በግራይንደር ከብየዳው ቦታ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ድረስ ግፈፉ፤ ደጅ ላይ በይዱ።

ስለ ብየዳው ሌላ ብዙ አልልም፤ አስተማሪዎቻችሁ ከእኔ ይበልጣሉ። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ክፍሉን ከሞተሩ አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በይዱ። ነዳጅ ያለበት ነገር አጠገብ ብልጭታ አይደረግም፤ ሞተሩ ላይ ሆኖ ሲበየድም ኤሌክትሪኩ በጎማው ኩሺኔታ በኩል መንገዱን ሊያገኝ፣ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹንም ሊያቃጥል ይችላል። የግድ ከሆነ ባትሪው ይፈታ፣ የመሬቱ መቆንጠጫ ከብየዳው አጠገብ ይያዝ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሞተሮች የመርገጫ ማሰሪያቸው አሉሚንየም ነው፤ ለብረት በምንጠቀምበት በ6013 ኤሌክትሮድ አይበየድም። የሚሞክሩ አሉ፤ ቀዳዳውን ያሰፉታል።

አሁን የማልደራደርበት ነገር፦ መርገጫው መታጠፍ አለበት። ሞተሩ ሲጋደም ቆሞ የቀረ ብረት መሬቱን ነክቶ የኋላውን ጎማ ከመንገዱ ያነሣዋል፤ ጎማ ከተነሣ ሞተረኛው የሚያደርገው ነገር የለም። ታጣፊው ግን ነክቶ ይሸሻል። የአሜሪካ የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት መስፈርት ቁጥር 123 ለእያንዳንዱ መቀመጫ መርገጫ እንዲኖር፣ የተሳፋሪውም በማይሠራበት ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ላይ እንዲታጠፍ ያዛል። ወደ ኋላ የተባለው በምክንያት ነው፤ ወደ ፊት የሚታጠፍ መርገጫ ድንጋይ ቢነካ ይተከላል እንጂ አይታጠፍም። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ጆሮ ያለው መያዣ፣ በመሃሉ የቱቦው ምላስ፣ የሚያያይዛቸው 10 ሚሊ ብሎን። ምላሱ ሲዘረጋ የሚያርፍበት ሰፊ መደገፊያ ይኑረው፤ ክብደቱን ብሎኑ ብቻውን መሸከም የለበትም። በንዝረት እንዳይወዛወዝ ከሥሩ ትንሽ ሞላ ይግባበት። የመያዣውን ዘንግ 45 ዲግሪ ወደ ኋላ ካዘነበላችሁት መርገጫው ራሱ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሄዳል።

የቁጥሩ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕንድ ማዕከላዊ የሞተር ተሽከርካሪ ደንብም አንቀጽ 123 ስለዚሁ ጉዳይ ይናገራል። ተሳፋሪው የሚጨብጠው መያዣና መርገጫ እንዲኖር፣ ከዚህም በላይ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ልብስ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ቢያንስ የጎማውን እኩሌታ የሚሸፍን መከላከያ እንዲገጠም ያስገድዳል። በሕንድ ሳሪ የለበሱ ሴቶች ወደ ጎን ይቀመጣሉ፤ ሕጉ ይህን አይቶ የተጻፈ ይመስላል። እኛ ዘንድ የሚነዱት ሞተሮች ብዙዎቹ ከዚያው አገር ይመጣሉ፤ ነጠላውም ቀሚሱም እዚህ አለ። የኋላው ጎማ ግን ስንት ቦታ ተሸፍኖ አያችሁ?

ነጠላ ራጂ ውስጥ ወይም ካቴናው ላይ ሲጠመጠም ጨርቁ አይቀደድም፤ የለበሰችውን ይጎትታል። ስለዚህ ወደ ጎን ለምትቀመጥ ሴት የሚሠራ መርገጫ ከመከላከያው ተለይቶ አይሠራም፤ ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው። ሁለት እግሮቿ የሚያርፉት በአንድ ወገን ስለሆነ አንዲት ዘንግ አትበቃትም፤ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ መደብ ያስፈልጋታል፤ ይኸውም በማጠፊያ የተያዘ። የሚሠራው በግራ ነው፤ በቀኝ ማርሚታው አለ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ካቴናውም በግራ ነውና ከመደቡ ጀርባ እስከ ወንበሩ ግርጌ የሚደርስ የቀጭን ዘንግ መረብ ይቁምላት፤ በዘንጎቹ መሃል ነጠላ ተጠቅልሎ የሚያልፍበት ክፍተት መተው የለበትም፤ ላሜራ ከተገኘ የተሻለ ነው። ለመሆኑ ወደ ጎን መቀመጥ ደግ ነገር ነው? አይደለም፤ እግርን ለያይቶ መቀመጥ ሁልጊዜ ይሻላል። ነገር ግን ነገም እንደዛሬው ወደ ጎን እንደምትቀመጥ እያወቁ፣ ትክክለኛው አቀማመጥ ይህ አይደለም ብሎ መከላከያ መከልከል ሙያ አይመስለኝም።

ሦስተኛ ሰው ለመጫን ተጨማሪ መርገጫ የሚያሠራ ሲመጣ ግን በያጁ ገንዘቡን ይመልስለት። እዚያ ላይ ብረቱ ሊረዳ የሚችለው ነገር የለም። የልጅ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ልጅ ከኋላ ሲቀመጥ ተረከዙ የሚንጠለጠለው ራጂው አጠገብ ነው። ለልጅ ከፍ ያለ ሁለተኛ መርገጫ መበየድ ይቻላል ይሉኛል፤ ይቻላል፣ ግን የጎማውን ጎን ሳይሸፍኑ መርገጫ ብቻ መስጠት ተረከዙን ወደ ራጂው ማቅረብ ይሆናል። መጀመሪያ መሸፈኛው።

የቀረው ማጠናቀቂያ ነው። ቱቦው ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ በወፍራሙ ጠቅልሉበት፤ ጭቃ የነካ ጫማ በልሙጥ ብረት ላይ አይቆምም። ከመነዳሪ ቀጭን ነው፣ በወር ይበጣጠሳል። ላስቲኩ ንዝረቱንም ይቀንሳል፤ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር በአንድ ሰዓት 300,000 ጊዜ ያንቀጠቅጣል፤ ብየዳውን የሚያደክመውና ዳዶውን የሚፈታውም ይኸው ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን ግዙ፤ ቁጥር የሌለው ብዙውን ጊዜ የዚያን ግማሽ ነው የሚችለው። ዳዶው ውስጡ ናይሎን ያለው ይሁን፤ በሁለቱም ወገን ሮንዴላ ይግባ። ማርሚታው ባት ከሚነካበት ወገን በሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት የላሜራ መጋረጃ ይታሰር፤ ተጣብቆ የታሰረ ላሜራ ራሱ ይጋላል።

ሲያልቅ ሰው ከመጫኑ በፊት ይፈተን። ሁለት ሰው ሞተሩን ደግፎ ይያዝ፤ ከሁሉም ከባዱ ሰው በአንድ እግሩ መርገጫው ላይ ይውጣና ሦስት አራት ጊዜ ይወዛወዝ። ከመውጣቱ በፊትና ከወረደ በኋላ ከጫፉ እስከ መሬት ለኩ፤ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ከወረደ ተመልሶ ወደ ጠረጴዛው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጥበቁ። የብየዳውን ጠርዝ በብሩሽ አጽድታችሁ በመብራት እዩት። የዝገት ቀለም ያለው ቀጭን መስመር ካያችሁ ስንጥቅ ነው፤ በላዩ ላይ አትበይዱ፣ ቆርጣችሁ አዲስ ሥሩ።

ጠረጴዛው ላይ የቆመውንና የተጋደመውን ዝርግ ብረት፣ የፌሮውንና የቱቦውን ናሙና አስቀምጫለሁ፤ መጥታችሁ በእጃችሁ ሞክሯቸው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ተቀምጠው የመጡት ቅድሚያ አላቸው።